ተነክቷል ወይስ ተሰልፏል?

በዚህች አገር ባለ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በሩን ቆልፎ ሦስት ደረጃ ከወረደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ አንድ ሰው አለ። እሱ የሌለበት መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም። ደብዳቤ ሳይልክ ማኅተሙን፣ ማኅተሙን አይቶ ቀኑን፣ ቀኑን አይቶ ዓመተ ምሕረቱን ያያል። ሻይ ያለ ስኳር አዝዞ፣ አስተናጋጁ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ "ያለ ስኳር ብዬሃለሁ አይደል?" ይላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ከማልቀሱ በፊት የሞተው ማን እንደሆነ ከሁለት ሰው በሹክሹክታ ያጣራል። እንዲህ ያለው ሰው ገነት በር ላይ ቢደርስ እንኳ ስሙ በትክክል መጻፉን ሳያይ የሚገባ አይመስለኝም።

የእኛው አስናቀው ይባላል። ሙሉ ማዕረጉ ሊቀ ሰልፍ አስናቀው ነው። ማዕረጉን ያወጣችለት ጽጌሬዳ የምትባል ባልደረባችን ነበረች፤ ያጸደቅነው እኛ ነን፤ እሱ ደግሞ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎታል። የምንሠራው ጎንደር ፒያሳ፣ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለሆቴል፣ ለደብር የኮምፒውተር ፕሮግራም እንጽፋለን። የእንጨት ደረጃው ሲረግጡት ይጮኻል፤ አስናቀው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲያስጮኸው ሰዓቴን አስተካክልበታለሁ።

ሰልፉ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ሥራችንን የምናስቀምጥበት ጊት የሚባል መዝገብ አለ። በፋይሎቻችን ላይ ያደረግነውን ለውጥ ሁሉ፣ ማን መቼ እንዳደረገው ጭምር፣ ይይዛል። ታዲያ ለውጡን ዝም ብሎ አይቀበልም። መጀመሪያ ፋይሉን ትነኩታላችሁ፤ አንድ ቃል ትጨምራላችሁ፣ አንድ ቃል ታወጣላችሁ። ይኼ የተነካ ነው። መዝገቡ መነካቱን ያውቃል፣ ግን አልወሰደውም። ቀጥላችሁ "ይኼኛው ይግባልኝ" ብላችሁ ታሰልፉታላችሁ። በመጨረሻ ሰልፍ ላይ ያለውን ታስገባላችሁ፤ ያን ጊዜ ተመዘገበ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ከነካ ያስገባ ይመስለዋል። መካከል ላይ ሰልፍ መኖሩን ይረሳል። አስናቀው ይህን እንዲረሳ ሆኖ አልተፈጠረም።

አባቱ መሪጌታ ነበሩ። እሱም ኮምፒውተር ከማየቱ በፊት ጾመ ድጓ አዘልቋል። በፊት በፊት ነገሩን ለሰው የሚያስረዳው በቤተ ክርስቲያን እየመሰለ ነበር አሉ። የተነካው ቅኔ ማኅሌት ነው፣ ማንም ቆሞ ይዘምርበታል፤ የተሰለፈው ቅድስት ነው፣ ለመቁረብ የተዘጋጀ ይቆምበታል፤ የገባው መቅደስ ነው። ምሳሌው በጣም ደስ ብሎት ለአባቱ ቢነግራቸው፣ መሪጌታ ረጋ ብለው "ልጄ፣ መብራት ሲሄድ የሚጠፋን ዕቃ መቅደስ አትበለው" አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰልፍ ሆነ።

ሰልፉ ግን በኮምፒውተር ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት። አስናቀው ዓለምን ሁሉ በዚሁ ነው የሚያየው። አዘዞ ለመሄድ ባጃጅ ያስቆማል፤ ባለባጃጁ "እሺ" ይለዋል። "እሺ ያልከው ልትሄድ ነው ወይስ ሰማሁህ ለማለት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ባለባጃጁ መልሱን ሲያስብ ሌላ ተሳፋሪ ይገባበታል። ምሳ ቤት ሽሮ አዝዘን ሲዘገይ አስተናጋጇን ይጠራና "ታዟል ወይስ ተነግሯል ብቻ?" ይላታል። ጽጌሬዳ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጥታ አንድ ልጅ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገረችን። እኛ እልል ልንል ስንል ሊቀ ሰልፍ መነጽሩን አወለቀ። "ሽማግሌ ልኳል?" "ገና ነው።" "እንግዲያስ አልተሰለፈም" አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጽጌሬዳ አንድ ሳምንት አላነጋገረችውም። ሽማግሌዎቹ የተላኩ ዕለት ግን ከእናቷ ቀጥሎ የነገረችው ለእሱ ነው።

መልእክት በስልክ ይልክላችሁና መድረሱን ለማጣራት ይደውላል። ደርሷል ካላችሁት "አንብባችሁታል ወይስ ደርሷል ብቻ?" ይላል። በበዓል ቀን "እንኳን አደረሳችሁ" ሲል እንኳ በልቡ ማድረሱን የሚያጣራ ይመስለኛል። ቢሮ ውስጥ አንድ ሥራ አልቋል ባላችሁት ቁጥር ግን የሚመጣው ያው አንዱ ጥያቄ ነው፤ "ተነክቷል ወይስ ተሰልፏል?"

ስሜ የትነበርሽ ነው። እናቴ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ስለወለደችኝ በፍቅር ያወጣችልኝ ስም ነው። አስናቀው አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ክስ ይሆናል። ከጠዋት ጀምሬ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቆይቼ እንኳ "የትነበርሽ" ሲለኝ "እዚሁ ነበርኩ" ለማለት አፌ ይከፈታል።

እዚህ ቢሮ በገባሁ በወሩ የአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ማስታወቂያ ሠራሁ። ማክሰኞ ብዬ ጻፍኩና አሰለፍኩት። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ደውለው "ረቡዕ ነው" አሉኝ። ማክሰኞን ፍቄ ረቡዕ አደረግኩ፣ አስገባሁ፣ ቤቴ ሄድኩ። ማክሰኞ ጠዋት መቶ ሰማንያ ተማሪ እርሳሱን ቀርጾ በተዘጋ ክፍል በር ላይ ቆመ። እኔ ረቡዕ ብዬ እንደጻፍኩ እማላለሁ፤ ማስታወቂያው ግን ማክሰኞ ይላል። ማሽኑ ዋሸብኝ ብዬ ዕንባዬ መጣ።

አስናቀው አልተቆጣኝም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"መታወቂያ ልታወጪ ፎቶ ተነሣሽ እንበል" አለኝ። "ከፎቶ ቤቱ ወጥተሽ ሹሩባ ተሠራሽ። መታወቂያው ላይ የምትወጪው በየትኛው ፀጉር ነው?"

"በበፊቱ ነዋ።"

"ማሰለፍ ፎቶ መነሣት ነው። ካሰለፍሽው በኋላ የነካሽው ነገር ሹሩባው ነው። ሸጋ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ግን አላየውም። እንደገና መነሣት ነበረብሽ።"

ከዚያ በስክሪኑ ላይ አሳየኝ። ካሰለፋችሁት በኋላ የተነካ ፋይል ስሙ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ላይ በአረንጓዴ፣ ታች በቀይ። አረንጓዴው የሚገባው ነው፤ ቀዩ ውጭ የሚቀረው ነው። "ስሙን ሁለቴ ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ" ብሎ በወረቀት ጻፈና ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፈልኝ። በዚያው ሳምንት ሕግም አወጣ፤ ሌላ ሰው ቆሞ ሳያይ ምንም ነገር አይገባም። ሁለተኛ ዓይን ይለዋል።

ያኔ አምስት ነበርን። ሁለተኛ ዓይን ሞልቶ ነበር፤ እንዲያውም ማን ይይልህ እያልን እንቀላለድ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ልጆች ባሕር ዳር ሥራ አገኙ። ጽጌሬዳ ባሏን ተከትላ አዲስ አበባ ሄደች። እኔና ሊቀ ሰልፍ ቀረን። የሦስቱ ጠረጴዛዎች እንዳሉ ናቸው። አስናቀው ሰኞ ሰኞ አቧራቸውን ይጠርጋል፤ የጽጌሬዳን ወንበር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ምነው እንዲህ ትደክማለህ ብዬ ብጠይቀው "ቢመለሱስ" አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ስቄ ነበር።

እኔ የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ። እዚህ የተከራየኋት አንዲት ክፍል አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በሬን ከዘጋሁ ሰኞ ጠዋት አስናቀው እስኪከሰኝ ድረስ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም። እሁድ ከሰዓት አንዳንዴ ድምፄ እንዳለ ለማወቅ ያህል ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እሱም አባቱ ካረፉ ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ምሳችንን ቢሮ ይዘን እንመጣለን፤ እሱ ከጠረጴዛው እኔ ከጠረጴዛዬ ሆነን እንበላለን። በመካከላችን ሦስቱ ባዶ ጠረጴዛዎች አሉ። ለምን ጠጋ እንዳላልን እስከዛሬ አላውቅም፤ ሁለታችንም መጀመሪያ መነሣት ያፈርን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ልምጣ።

ከሥራዎቻችን አንዱ የአንድ ደብር የሰሞነኛ ዝርዝር ነው። ሰሞነኛ ማለት የቅዳሴ ተራ የደረሰው ካህን ነው። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ሆነው አንድ ሳምንት ያገለግላሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አይርቁም፣ ደጀ ሰላም አብረው ይበላሉ፣ ያወራሉ፣ ከዚያ ተራው ለሌሎች ያልፋል። በስድስት ሳምንት ዞሮ ይመለሳል። ዝርዝሩ አንድ ፋይል ነው። ወደ መዝገቡ የገባው ዝርዝር አርብ በአሥር ሰዓት በራሱ ወደ ተረኞቹ ስልክ ይሄዳል፤ "የፊታችን እሁድ ሰሞነኛ ነዎት" የሚል አጭር መልእክት ነው።

ሌሎቹ ካህናት መልእክቱን አይተው ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ይከታሉ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ግን ይደውላሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ አንዱ ልጃቸው አዲ አርቃይ ነው፣ ሌላው የት እንዳለ አያወሩም። በእርሳቸው ቤት መልእክት ማለት ሰው የላከው ነገር ነው፤ የላከ ሰው ደግሞ ይመሰገናል። ስለዚህ በየስድስት ሳምንቱ አርብ፣ አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ፣ የቢሮአችን ስልክ ይጮኻል።

"ደርሶኛል ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ። እናንተስ ደኅና ናችሁ?"

በቀን ከአሥር ዓረፍተ ነገር በላይ የማይናገረው አስናቀው፣ ከዚህ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያወራል። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መሪጌታ አባቱ፤ ያውቋቸው ነበርና። ስልኩን ድምፁ ለእኔም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ የምሠራ እመስላለሁ። አንድ ጊዜ ቄስ ወልደ ዮሐንስ "ሰሞን ሲሆን ሸጋ ነው፤ ሰው አለ" አሉ። ቀጥለውም "በሌላው ጊዜ ከግድግዳው ጋር ነኝ" አሉ። አስናቀው ምን እንደመለሰላቸው አልሰማሁም፤ የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አዲስ ዙር ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አስናቀው እንደ ልማዱ ሰኞ ዕለት ዝርዝሩን አዘጋጅቶ አሰለፈው። የመጀመሪያው ሳምንት ተራ የቄስ ወልደ ዮሐንስ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ደረጃው ጮኸ። የደብሩ ጸሐፊ አያ ህሩይ ነበሩ። አያ ህሩይ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ በሚሉት እንዳትቀየሟቸው ነው።

"ቄስ ወልደ ዮሐንስ ይረፉ ተብሏል" አሉ ተቀምጠው። "ጉልበታቸው እንደምታውቀው ነው፤ መቆሙ ከበዳቸው። ከደብሩ የሚያገኙት አይነካም፤ እንዲሁ ይረፉ ነው የተባለው። በእርሳቸው ፈንታ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ጻፍልን።"

"ነግራችኋቸዋል?" አለ አስናቀው።

"ዝርዝሩ ሲወጣ ያዩታል።"

"አልነገራችኋቸውም ማለት ነው።"

"ምነው አስናቀው፣ ፊት ለፊት እንዴት ይባላል? እኔን ያቆረቡኝ ሰው እኮ ናቸው።"

አስናቀው ፋይሉን ከፈተ። አያ ህሩይ ከኋላው ቆመው እያዩ የቄስ ወልደ ዮሐንስን ስም ፊደል በፊደል አጠፋ፣ የቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ጻፈ፣ አስቀመጠው። አያ ህሩይ "ሸጋ ነው" ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወረዱ። ሐሙስ ያንን ፋይል ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሲዘጋው አይቻለሁ። አራተኛ ጊዜ ሲከፍተው "ምን ሆነሃል?" አልኩት። "እያጣራሁ ነው" አለኝ።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"መልእክቱ ገና ነው ልጄ?" አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ። "ወይስ ኔትወርኩ ይሆን? ተራዬ የደረሰ መሰለኝ።"

አስናቀው እኔን አየኝ። እኔ የማየው ነገር ፈልጌ መስኮቱን አየሁ።

"አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚላከው አባ" አለ።

"ይሁን፣ ይሁን። ቀሚሴን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ደመናው አላደርቅ አለኝ እንጂ።"

ያን ዕለት ሃያ ደቂቃ አልተወራም። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን "የትነበርሽ፣ ነይ እይልኝ" አለ። ሕጉ ነው፤ ሁለተኛ ዓይን ሳያይ አይገባም። ሄጄ ከኋላው ቆምኩ።

የፋይሉ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ላይ በአረንጓዴ፣ ታች በቀይ።

አረንጓዴው የሰኞው ዝርዝር ነው፤ ቄስ ወልደ ዮሐንስ አሉበት። ቀዩ የረቡዕ እርማት ነው፤ አያ ህሩይ ቆመው ያዩት። እርማቱ ተነክቷል እንጂ አልተሰለፈም። እንደገና ለማሰለፍ አንዲት መስመር መጻፍ ይበቃል፤ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ይህን የሚያውቅ ሰው በጎንደር ከተማ ውስጥ ቢፈለግ ከዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠው የተሻለ አይገኝም። አስናቀው ስክሪኑን አያይም ነበር፤ ወደ ባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ዞሯል።

"አይተሻል?" አለኝ።

"አይቻለሁ።"

"ደኅና ነው?"

የሰው ደብር ነው፣ የሰው ውሳኔ ነው፤ ማንም ቢጠይቀን መልስ የለንም። ግን ደመናው ያላደረቀው ቀሚስ ፊቴ ላይ ተንጠልጥሎ አልሄድ አለኝ።

"ደኅና ነው" አልኩ። "አስገባው።"

አስገባው። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አሥር ሰዓት ሲሆን መልእክቱ ሄደ። አሥር ሰዓት ከአምስት ሆነ፣ ከሩብ ሆነ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ አልደወሉም። እስከ አሥራ አንድ ጠበቅናቸው። ኔትወርክ ይሆናል ተባብለን ተለያየን።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ከወትሮው በላይ ጮኸ።

"ምነው አስናቀው!" አሉ አያ ህሩይ ገና በሩ ላይ። "ፊቴ አይደለም ወይ ያጠፋኸው? በዓይኔ አይቼ አይደለም የሄድሁት? ሰውየው እሁድ በሌሊት ቀሚሳቸውን ለብሰው ከች አሉ። ተጠርቻለሁ አሉ። ስልካቸውን አሳዩኝ።"

ሊቀ ሰልፍ ተነሣ። ወንበር ሰጣቸው። ከዚያ አስተማራቸው። ፋይል ማሰለፍ ማለት ምን እንደሆነ፣ ከተሰለፈ በኋላ የሚነካ ነገር ለምን እንደማይገባ፣ አረንጓዴው ምን ቀዩ ምን እንደሆነ፣ በወረቀት ላይ እየሣለ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስተማራቸው። ፎቶውም መጣ፣ ሹሩባውም መጣ።

"ሹሩባ ምን አመጣው?" አሉ አያ ህሩይ። "እኔ የማወራህ ስለ ቄስ ነው።"

"እሱኑ እያልሁዎት ነው። ሰኞ ነው ያሰለፍሁት። ረቡዕ ያረምሁት ሰልፍ ውስጥ አልነበረም። የገባው የሰኞው ነው።"

አያ ህሩይ ተስፋ ቆርጠው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ የሚለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው አያ ህሩይ። እኔም አንድ ጊዜ መቶ ሰማንያ ተማሪ አስቁሜያለሁ።"

ከተነገራቸው ሁሉ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረበትም። አያ ህሩይ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ተነፈሱ። ሰሞን የገባ ካህን መካከል ላይ አይወጣም፤ ሳምንታቸውን ይጨርሱ፤ ለቀጣዩ ግን ይታረም አሉ። ሊወርዱ ሲሉ በሩን ይዘው ቆሙ። "ለነገሩ እሁድ አንድ ጊዜም አልተቀመጡም" አሉ። "ቆመው ነው የጨረሱት።"

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አስናቀውን ግን ረሳሁት። በሩን ቆልፎ የሚመለስ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ እንቅልፍ ይወስደዋል ብላችሁ ነው? ማክሰኞ ምሳውን አልበላም። ረቡዕ የሠራውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ሠራው። ቅዳሜ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመና "መንገር አለብኝ" አለ። "ለማን?" "ለእርሳቸው። እሁድ ተራውን ለቀጣዮቹ ያስረክባሉ። አንቺም ትመጫለሽ፤ ያየነው ሁለት ሆነን ነው።"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰሞነኞቹ በልተው ተነሥተዋል፤ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ብቻቸውን ቀርተው ዳቦ ይቆርሳሉ። ያጠቡትን ቀሚስ ለብሰዋል። አስናቀውን በድምፁ ነው ያወቁት፤ ከዚያ በፊት በአካል አይተውት አያውቁም ነበር። መስቀል አሳለሙን፣ ዳቦ ሰጡን፣ አጠገባቸው አስቀመጡን።

"አባ" አለ አስናቀው ዳቦውን እንደያዘ፣ "ያ መልእክት በስህተት አልመጣልዎትም። ስህተት አስመስዬ እኔ ነኝ የላክሁት። ስምዎ እንዲወጣ ተነግሮኝ ነበር። አያ ህሩይንም አታለልኋቸው።"

"እኔም አይቼ ነው ያለፍኩት አባ" አልኩ።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ የጎረሱትን አላምጠው ጨረሱ።

"ረቡዕ ማታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤቴ መጣ" አሉ። "ጉልበቴን ሳመኝ። አባ፣ በእርስዎ ፈንታ እኔን ሊጽፉኝ ነው፣ ይባርኩኝ አለኝ። ያስተማርሁት ልጅ ነው። ባረክሁት።"

አስናቀው ቀና አለ። "እንግዲያስ አርብ ሲደውሉ ያውቁ ነበር?"

"ዐውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ደወሉ?"

"ከሰሞን ከወጣሁ ከእንግዲህ በምን ሰበብ እደውልላችኋለሁ ብዬ ነው። የመጨረሻዬ መስሎኝ ድምፅህን ልሰማ ደወልሁ። ትነግረኝ እንደሆነም ጠበቅሁ፤ አልነገርኸኝም። ቀሚሱን ዐውቄም ነው ያጠብሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ።" ፍርፋሪውን ከጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። "ከዚያ መልእክቱ መጣ። ስህተት ነው አልሁ። ደውዬ መንገር ነበረብኝ። ስልኩን አንሥቼ ተውሁት። እሁድ ለብሼ መጣሁ። ኃይለ ጊዮርጊስም በር ላይ አየኝና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መንገድ ለቀቀልኝ። እንግዲህ ተናዘዝሁ የምትል ከሆነ ልጄ፣ የኔ ይብሳል። እኔ ካህን ነኝ።"

ውጭ ሰው ሲሰነባበት ይሰማል።

"ሰበብ አያስፈልግዎትም" አለ አስናቀው በመጨረሻ። "መልእክት ኖረም አልኖረም አርብ አርብ ይደውሉ።"

"የምርህን ነው ወይስ ለአፍህ?" አሉት።

በሕይወቴ አስናቀውን የሚያጣራ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። "የምሬን ነው" አላቸው። ደግመው ጠየቁት። ደግሞ መለሰላቸው።

ከደብሩ ወጥተን ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሄድን። የምንለያይበት ጋ ስንደርስ ቆመ።

"ነገ ትመጫለሽ?" አለኝ።

ነገ ሰኞ ነው። የሥራ ቀን ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሰኞ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ልቆጣ ብዬ ፊቱን አየሁት፤ አልቻልኩም። ሁለቱ ልጆች ባሕር ዳር የሄዱት ቅዳሜ እንደ ወትሮው ወጥተው ሰኞ ሳይመጡ በመቅረት ነው። ጽጌሬዳም "ሰኞ እንገናኝ" ብላን ነው የወጣችው፤ ስንብት ስለማትችል። ያን ሰኞ አስናቀው እስከ ስድስት ሰዓት በሩን እያየ ዋለ። ይህን ሁሉ ዓመት ስስቅበት የኖርኩት ጥያቄ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ አስፋልት ዳር ነው። ሰው አለ ወይስ ሊሄድ ነው እያለ ነበር የሚጠይቀን። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ እንደ ወንድም፣ ከነመነጽሩ፣ ከነወረቀቱ፣ እወደዋለሁ።

"እመጣለሁ" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

ነበርኩ። ግን ደግሞ እንዲጠይቀኝ ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ።